ያልተመዘገበው ሀብታችን፦ የደን፣ የአፈርና የውኃ ጥቅም በአገራችን እንዴት እንደተተመነ የሚያሳይ አጭር ታሪክ

እንደሚታወቀው የአንድ ዩኒየን የምሥረታ በዓል ሲከበር ያለፉት ዓመታት የሥራ ፍሬ በቁጥር ይቀርባል። ስንት ኩንታል ምርት ተረከብን፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ አከፋፈልን፣ ካፒታላችን ከስንት ተነሥቶ ስንት ደረሰ፣ ለአባላት የተከፈለው የትርፍ ክፍፍል ምን ያህል ነው የሚሉት ጥያቄዎች በሰንጠረዥ ይመለሳሉ። ይህም ተገቢ ነው። የሂሳብ መዝገቡን በሚገባ ያልያዘ ማኅበር ዕድሜ የለውም።

ሆኖም ግን በእነዚህ ሰንጠረዦች ውስጥ ቦታ ያላገኘ ሀብት አለ። ከማሳችን በላይ ያለው ጫካ ጎርፉን ያበርዳል፣ ምንጩን ያጎለብታል፣ ለንብ አበባ፣ ለከብት ሣር፣ ለቡና ጥላ ይሰጣል። መጋዘኑን የሠራንበት ወጪ እስከ ሳንቲሙ ሲመዘገብ፣ መጋዘኑን የሞላው እህል የበቀለበትን አፈር ይዞ ያቆየልን ዛፍ ግን በየትኛውም ዓምድ ላይ አይገኝም። ባለሙያዎች ተፈጥሮ ሳይከፈላት የምትሠራውን ይህን ሥራ የሥነ ምኅዳር አገልግሎት ይሉታል።

ዋጋው ያልተጻፈ ነገር ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። አንድ ተዳፋት ይታረስ ወይስ ይከለል፣ አንድ ጫካ ለኢንቨስትመንት ይሰጥ ወይስ ይቆይ በሚባልበት ጊዜ የሚገኘው ገቢ በብር ይቀርባል፤ የሚጠፋው ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ስለዚህ በዚህ የበዓል ዕትም፣ ይህን ጥቅም የመተመን ሥራ በአገራችን ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ለእኛ ለማኅበራትም ምን ትምህርት እንዳለው በአጭሩ ለማቅረብ እንሞክራለን። እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ዋና ከተማን ሊያስነሣ የነበረው የማገዶ እጥረት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ ደን ነበረ። ይሁን እንጂ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚፈለገው እንጨት ብዙ ስለነበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢው ደን ተመነጠረ። እንጨት ከሩቅ ማምጣት ግድ ሆነ። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ማገዶ ሲያልቅ ሠፈሩን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ስለነበር፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር።

ከተማዋን ባለችበት ካቆዩአት ምክንያቶች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ወደ አገራችን የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ የሚያድግና ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ መንግሥት ችግኙን በማከፋፈልና ባሕር ዛፍ ለተተከለበት መሬት የግብር ምሕረት በማድረግ እንዲስፋፋ አደረገ። በዚያ ዘመን ይህን ነገር ትመና ብሎ የጠራው የለም። ነገር ግን መንግሥት ሊሰበስበው የሚችለውን ግብር ሲተው፣ የዛፉ ጥቅም ከግብሩ እንደሚበልጥ ገምቶ ነው። ሌላ ከተማ ከመሥራት ዛፍ መትከል ይረክሳል የሚል ውሳኔ መሆኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ የሚሄድ ማስጠንቀቂያም አለ። በዚያ ውሳኔ የታየው አንድ ጥቅም ብቻ ነበር፤ እርሱም እንጨት። ባሕር ዛፍ ውኃ አብዝቶ እንደሚጠጣ፣ ከእርሻ አጠገብ ሲተከልም ሰብሉን እንደሚጎዳ ዛሬ ማንኛውም ገበሬ ያውቃል። አንዱን ጥቅም ብቻ ቆጥሮ ሌላውን መተው ዕዳውን ለልጅ ልጅ ማስተላለፍ ነው።

አፈሩ መመዘን ሲጀምር

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን የደረሰው ድርቅና ረሃብ የመሬት መራቆትን የመንግሥትና የዓለም ሕዝብ መነጋገሪያ አደረገው። በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር በብዙ ተራሮች ላይ እርከን ተሠራ፤ ችግኝ ተተከለ። ይሁን እንጂ ምን ያህል አፈር እየሄደ እንደሆነ በትክክል የለካ አልነበረም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ የምርምር ፕሮግራም ተቋቋመ። በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በኢሉባቦር ዲዚ፣ በወላይታ ጉኑኖ ጣቢያዎች ተከፈቱ። ከተወሰነ መሬት በዝናብ ታጥቦ የሚወርደው አፈር እየተጠራቀመ ይመዘን ጀመር። ከእነዚህ ጣቢያዎች በተገኘው መረጃ ላይ ተመሥርቶ በሃንስ ሁርኒ በቀረበው ግምት መሠረት ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል።

ይህን ቁጥር በራሳችን መስፈሪያ ብንመልሰው 420 ኩንታል ነው። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል እህል የሚያገኝ ገበሬ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል እህል 21 ኩንታል አፈር ከፈለ እንደማለት ነው። ይህ ክፍያ ደረሰኝ የለውም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የጉዳቱ የገንዘብ ዋጋ ስንት ነው የሚል ነበር። ያን ቦዮ እና ዴቪድ ካስልስ የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ለዓለም ባንክ ባቀረቡት ጥናት ቀደም ሲል የተሠሩትን ግምቶች እንደገና መረመሩ። ታጥቦ የሚወርደው አፈር ሁሉ ከአገር እንደማይወጣ፣ ከፊሉ በታችኛው ማሳ ላይ እንደሚያርፍ ከግምት አስገቡ። ከመሬት መራቆት የሚመጣውን ፈጣን ዓመታዊ ጉዳት ወደ 3 በመቶ የሚሆን የግብርና ምርት ዋጋ አድርገው ተመኑት። ብዙዎችን ያስገረመው ግን የጉዳቱ ምንጭ ነው። የዚያ ዓመታዊ ጉዳት አብላጫው ክፍል የመጣው በጎርፍ ከሚወሰደው አፈር ሳይሆን ወደ ማሳ መመለስ ሲገባው በምድጃ ከሚነደው ኩበትና የሰብል ቃርሚያ ነበር።

የዚህን ትርጉም እናስተውል። ዛፍ ሲጠፋ እናት ኩበት ታነዳለች። ኩበት ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። ማሳው ፍግ ሲያጣ ምርት ይቀንሳል፤ ገበሬውም ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። ስለሆነም በጓሮ የተተከለ የማገዶ ዛፍና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሰብል ምርት ኢንቨስትመንት ናቸው ማለት ነው። እርከን ብቻውን በቂ አለመሆኑን ያሳየው ይህ ሂሳብ ነው። ትመና ለፖሊሲ ይጠቅማል የሚባለውም ገንዘብ የት ላይ ቢውል የበለጠ እንደሚሠራ ስለሚያመለክት ነው።

74110፦ ከጫካ የተገኘ ቁጥር

ቡና የሚያመርቱ አባሎቻችን 74110 እና 74112 የሚባሉትን የቡና ዓይነቶች ያውቋቸዋል። የቁጥሮቹን መነሻ ግን ሁሉም ላያውቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ በሚል ስም የሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ። ፍሬው ሳይበስል እያጠቆረ የሚያራግፍ በመሆኑ ገበሬውንም መንግሥትንም አስጨነቀ። በዚያን ጊዜ በጅማ የምርምር ማዕከል የነበሩ ባለሙያዎች መፍትሔ የፈለጉት በደቡብ ምዕራብ የቡና ጫካዎች ውስጥ ነበር። በበሽታ በተጎዳው ቡና መካከል ሳይነኩ የቆሙ እናት ዛፎችን እየመረጡ ዘራቸውን ሰበሰቡ። 74 የሚለው መነሻ እነዚህ ዛፎች በኢሉባቦር የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ከጥቂት ዓመታት ሙከራ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙት ዓይነቶች ለገበሬው ተለቀቁ።

ያ ጫካ በዚያን ጊዜ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ እነዚያ እናት ዛፎች አይገኙም ነበር። ታዲያ የዚህ ዓይነቱ ሀብት ዋጋው ስንት ነው? ላርስ ሃይን እና ፍራንዝ ጋትስቫይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያን የጫካ ቡና የዘር ሀብት ለመተመን ሞከሩ። በሽታን የሚቋቋም፣ የካፌይን መጠኑ ዝቅ ያለ እና ምርቱ ከፍ ያለ ቡና ለማዳቀል ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅም ለ30 ዓመት አስልተው ዋጋው 1 ቢሊዮን 458 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን ገመቱ። ይህ ግምት የነገውን ገንዘብ በዓመት በ5 በመቶ እየቀነሰ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመልስ ነው። ቅናሹ 10 በመቶ ሲደረግ ግን ዋጋው ወደ 420 ሚሊዮን ዶላር ይወርዳል።

እዚህ ላይ ለአመራሮቻችን የሚሆን ቁም ነገር አለ። ጫካው አልተለወጠም፣ ቡናውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ነገን የምናይበት ዓይን ነው። ለነገ ብዙም የማይጨነቅ ሂሳብ የጫካውን ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ይቀንሰዋል። ስለዚህ የኢንቨስትመንት ጥናት ሲቀርብልን የመጨረሻውን ድምር ብቻ ማየት አይበቃም፤ በስንት በመቶ ቅናሽ፣ ለስንት ዓመት ተሰላ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበው ጉዳይ ደግሞ ይህ ዋጋ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። በጥናት ላይ የሰፈረው ቢሊዮን ጫካውን ሳይመነጥር ለጠበቀው ገበሬ በቡናው ዋጋ ላይ ተጨምሮ አልተከፈለውም። አገራችን በ1998 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቦች ከዘር ሀብታቸውና ከዕውቀታቸው ከሚገኝ ጥቅም የመካፈል መብት እንዳላቸው ደንግጋለች። መብቱ መጻፉ መልካም ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በጤፍ ላይ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው የጥቅም ተካፋይነት ስምምነት፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከስር ከተጠበቀው ጥቅም እጅግ ጥቂቱን ብቻ አስገኝቶ ቀርቷል። ዋጋ ማወቅ አንድ ነገር፣ ዋጋን መቀበል ሌላ ነገር መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ገዢ ሲገኝ፦ የሌሎች አገሮች ልምድ

ለተፈጥሮ አገልግሎት በእርግጥ የሚከፍል ይገኛል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሁለት ምሳሌዎች ይጠቀሳሉ። የኒውዮርክ ከተማ የመጠጥ ውኃዋን ከካትስኪል ተራሮችና ከአካባቢው ታገኛለች። ውኃው እየቆሸሸ ሲሄድ የማጣሪያ ፋብሪካ መሥራት እንዳለባት ተነገራት። የፋብሪካው ወጪ ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ከተማዋ ግን በላይኛው ተፋሰስ ከሚኖሩ ገበሬዎችና ከተሞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ስምምነት ላይ ደርሳ፣ ከዚያ እጅግ ባነሰ ገንዘብ መሬቱንና ወንዙን የሚጠብቅ የአስተራረስና የፍሳሽ አያያዝ ሥራ እንዲሠራ ከፈለች።

ቡና አምራቿ ኮስታሪካም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ ደን አራት አገልግሎቶችን እንደሚሰጥ ደነገገች። እነርሱም ካርቦን መያዝ፣ ውኃ መጠበቅ፣ ብዝኃ ሕይወትን ማቆየት እና የተፈጥሮ ውበት ናቸው። ለእነዚህ አገልግሎቶች ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ግብር ለባለ መሬቶች በውል መክፈል ጀመረች። በሁለቱም ቦታ ነገሩ የተሳካው የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ስለታወቀ፣ ጠባቂውም ውል የሚፈርም ባለ መብት ስለነበረ ነው።

ሰባቱ የሁምቦ ማኅበራት

በአገራችን ይህን ልምድ በተግባር ካሳዩት ውስጥ ቀዳሚዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሆናቸው ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ደኑን ካጣ ቆይቶ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍና ደለል ወደ ታችኛው ማሳ ይወርድ ነበር። ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ከማኅበረሰቡ ጋር ሥራ ሲጀምር የመረጠው ዘዴ በብዛት ችግኝ መትከልን አይጠይቅም። በመሬት ውስጥ በሕይወት ያለውን ጉቶና ሥር ከከብትና ከመጥረቢያ ከልሎ፣ ከሚያቆጠቁጡት መካከል ጠንካሮቹን አስቀርቶ ሌሎቹን መግረዝ ነው። ይህን ዘዴ አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በኒጀር ከገበሬዎች ጋር ሠርቶበታል፤ በዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ሽልማት አግኝቷል።

በሁምቦ ሥራው ሲጀመር መሬታችን ሊወሰድብን ነው የሚል ስጋት ነበር። ስጋቱን ያበረደው የባለቤትነት ጥያቄ ምላሽ ማግኘቱ ነው። ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በሕግ ተመዘገቡ፤ 2,728 ሄክታር የሚሆነውን ደን የመጠበቅና የመጠቀም መብትም ተሰጣቸው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ውስጥ ሲመዘገብ ከአፍሪካ ትላልቅ የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ሆነ። ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ ወደ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደሚስብ ተገምቷል። ከዚህም ውስጥ 165,000 ቶኑን በዓለም ባንክ ሥር ያለው የባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ውል ገባ። ማኅበራቱ በአሥር ዓመት ከ700,000 ዶላር በላይ እንዲያገኙ ታሰበ። ገንዘቡ የሚከፈለው ዛፉ መቆሙና ማደጉ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከተገኘው ገቢም ማኅበራቱ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ለመሳሰሉት የጋራ ሥራዎች አውለዋል።

እስቲ ሂሳቡን በግልጽ እንሥራው። 700,000 ዶላር ለ2,728 ሄክታርና ለአሥር ዓመት ሲካፈል ለአንድ ሄክታር በዓመት ወደ 25 ዶላር ብቻ ይደርሳል። የካርቦን ገንዘብ ብቻውን ገበሬን ከማረስ የሚያስቀር አይደለም ማለት ነው። የሁምቦ ሰዎች ደኑን የጠበቁት ታጭዶ ለከብት ስለሚቀርበው ሣር፣ ከግርዝ ስለሚገኘው ማገዶ፣ ስለ ማሩ፣ ከታች ስላለው ማሳና ስለ ምንጩ ጭምር ነው። ካርቦኑ በዚያ ሁሉ ላይ የመጣ ምርቃት ነው። በዶላር የሚተመነውን አንድ አገልግሎት ብቻ ይዞ "ደን አያዋጣም" የሚል ሰው ሂሳቡን ከግማሽ አድርሶ ያቆመ ነው።

በሌላ በኩል መከለል ወጪ እንዳለው መካድ አይገባም። ተራራው ሲከለል ፍየል የሚያሰማራውና እንጨት ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ከሁሉ ቀድመው ይጎዳሉ። ጥቅሙ ለሁሉ፣ ወጪው ለድሆች ከሆነ ጥበቃው አይዘልቅም።

በአገር መዝገብ ላይ

እ.ኤ.አ. በ2016 የአካባቢ፣ ደንና አየር ንብረት ለውጥ ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጋር ይፋ ያደረገው ጥናት የአገሪቱ ደኖች በ2005 የበጀት ዓመት በጥሬ ገንዘብና በዓይነት የሰጡትን ጥቅም 111.2 ቢሊዮን ብር አድርሶ ተመነው። ይህም ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 12.86 በመቶ ማለት ነው። በተለመደው የሂሳብ አያያዝ ለደን የሚሰጠው ድርሻ ከዚህ በእጅጉ ያንስ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ገበያ ሳይደርስ በየቤቱ ጥቅም ላይ የሚውለው ማገዶ፣ የከብት መኖና ሌላው የደን ውጤት ሲቆጠር ነው።

ሕጉም እየተሻሻለ መጥቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበር ደንን አውቆ መብታቸውን ደንግጓል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ደግሞ ማኅበራት በሕግ ሰውነት ውል እንዲዋዋሉ መሠረት ይሰጣል። ስለዚህ እንደ ሁምቦ ሰባቱ ማኅበራት የሚፈርም እጅ አለን።

ከእኛ የሚጠበቀው

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ለአባላትና ለአመራሮች የሚከተሉትን እናሳስባለን። በመጀመሪያ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በክልሉ ያለውን ጫካ፣ ምንጭና የተከለለ ተዳፋት ቢመዘግብ መልካም ነው። ብር ባይጻፍበት እንኳ ስንት አባወራ ከምንጩ እንደሚቀዳ፣ ስንት ሸክም ሣር በዓመት እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀፎ እንደተሰቀለ መጻፍ ይቻላል። ሁለተኛ፣ መሬት ለሌላ ሥራ እንዲውል ጥያቄ ሲቀርብ የወረዳ ኃላፊዎቻችን ከሚገኘው ገቢ ጎን የሚጠፋው ጥቅም የሚሰፍርበት ዓምድ እንዲኖር ቢያደርጉ፣ የሚጎዳውም ወገን ቀድሞ ቢጠየቅ። ሦስተኛ፣ የካርቦንም ሆነ ሌላ ውል ሲመጣ ጠቅላላ ጉባኤው ማን ይከፍላል፣ መቼ ይከፍላል፣ ለስንት ዓመት ያስራል፣ ዛፉ በእሳት ቢጠፋ ዕዳው የማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ እጅ እንዳያወጣ። አራተኛ፣ ከሚገኘው ገቢ ቀድመው ወጪውን ለተሸከሙት ድርሻ ይመደብ።

አፄ ምኒልክ ከተማ ሊነቅሉ ሲነሡ የገባቸው የእንጨት ዋጋ ነበር። የጅማ ባለሙያዎች ጫካ የገቡት ቡናው ከታመመ በኋላ ነው። የሁምቦም ሰዎች ተራራው ከተራቆተ በኋላ ነው መከለል የጀመሩት። ዋጋውን ሁልጊዜ ያወቅነው ካጣን በኋላ ነው። የሚቀጥለው የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲታተም ከካፒታላችን ሰንጠረዥ ጎን የጫካችንና የምንጫችን ሰንጠረዥ ታትሞ ብናይ፣ ይህ ልማድ በእኛ ዘመን ተለወጠ ለማለት ያበቃናል። አባቶች እንደሚሉት ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!